ወደ ግድግዳ የዞረው ገጽ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ አዟሪ አንድ ወፍራም ልቦለድ ገዝታልኝ መጣች። ዓይኔ እንደ ድሮው ባይሆንም ማንበብ አልተውኩም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ባዶ እጇን አትመጣም። መነጽሬን አድርጌ እስከ መቶኛው ገጽ በሰላም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤቱ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንዱ ገጽ ታትሞ ቀጣዩ ባዶ፣ አንዱ ታትሞ ቀጣዩ ባዶ እየሆነ ብዙ ቅጠል ዘለቀ። ሰውየው በር ከፍቶ ሊገባ ሲል ነጭ ወረቀት፤ ሴትየዋ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ነጭ ወረቀት።

"እማዬ፣ ስጪኝ ልመልሰው፤ ሰውዬው ይቀይርልኛል" አለችኝ።

"ተይው" አልኳት።

"ግማሹን እንዴት ልታነቢው ነው?"

እንዴት እንደሚነበብ አውቃለሁ። ግማሹ ብቻ የሚታይ ነገር ማንበብ የተማርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ጂንካ ውስጥ፣ ከአንድ የጭቃ ግድግዳ ላይ ነው። ልጄ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ለምን እንዳልነገርኳት እኔም በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት መጨረሻው ላይ ያደረግኩት ነገር እስከ ዛሬ ስላልለየልኝ ይሆናል።

ጂንካ የሄድኩት በደርግ ጊዜ፣ ሰባዎቹ ተጋምሰው፣ በታይፒስትነት ተመድቤ ነው። ያደግኩት ሳውላ ነው። ከአርባ ምንጭ ወዲያ በጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተንገላትቼ፣ የወይጦን በረሃ ሙቀት ጠጥቼ፣ ቀይ አፈር የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ብርድ ብርድ የሚለው አየር ፊቴን ሲነካኝ የደረስኩ መሰለኝ፤ ገና ግማሽ ቀን ቀርቶኝ ነበር። ጂንካ ስደርስ የገረመኝ የመጀመሪያው ነገር ሜዳው ነው። ከተማው መሐል ሰፊ የሣር ሜዳ ተዘርግቷል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። አውሮፕላን ሊመጣ ሲል ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፣ ያኔ ከብቱም ሰውም ይባረርና አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ ያርፋል። ዝናብ ሲጠና አውሮፕላንም ይቀራል፣ መንገድም ይቆረጣል። ያኔ ጂንካ ከነሰዉ እዚያው ተራሮቹ ሥር ቁጭ ብላ ፀሐይ ትጠብቃለች።

ታይፒስት አያነብም። ይህን የነገረችን የጽሕፈት መኪና ያስተማረችን ሴት ናት። ፊደሉ በዓይን ገብቶ በጣት ይወጣል እንጂ በሐሳብ በኩል አይዞርም፤ የዞረ ጊዜ ስህተት ይመጣል ትል ነበር። እኔ ጎበዝ ተማሪዋ ነበርኩ። የከብት ክትባት ሪፖርት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ወደ ሃና ከተማ የሚሄድ ሰርኩላር፣ ሁሉንም ቀኑን ሙሉ ስመታ እውልና ማታ ምን ጻፍሽ ቢሉኝ አንዱንም አልመልስም። በሥራዬ እኮራ ነበር፤ አሁን ሳስበው የምኮራው ባለማንበቤ ነበር።

የተከራየሁት ከሜዳው በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ አንዲት የአሪ ሴት ጓሮ ነው። ስማቸውን ሠፈሩ ሁሉ ረስቶት የኤልያስ እናት ይላቸው ነበር። ባላቸው ድሮ ሞተዋል። ሙዝና ጎደሬ እያመረቱ ቅዳሜ ገበያ ያወርዳሉ፣ እሑድ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ከአንድ ልጅ ሌላ አልነበራቸውም። ኤልያስ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፣ ሁለተኛው አልመጣም። የተከራየሁት ክፍል የእሱ ክፍል ነበር።

አማርኛቸው ከአሪ ቋንቋ ቀጥሎ የተማሩት ስለነበር "አንተ" እና "አንቺ" አይለዩም፤ እኔን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው "አንተ" ሲሉኝ ኖሩ። መጀመሪያ ሳቄን ዋጥኩ፣ በኋላ ለመድኩት፣ ከዚያም ወደድኩት። ክፍሉን ሲያሳዩኝ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ።

"አስቴር፣ ግድግዳ አትንካ። ምስማር የለም። ልብስ ገመድ ላይ አድርግ። ገባህ?"

"ገባኝ፣ እማማ።"

ግድግዳው ከወለል አንስቶ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ በደብተር ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀት የተለጠፈበት ግድግዳ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ያኔ ጋዜጣ ያልለጠፈ ማን ነበር? የተማሪ ደብተር ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ያስነበበኝ ወባ ነው። ለመስክ ሥራ ወደ ቆላ ከወረዱት ጋር አብሬ ወርጄ ይዤው መጣሁ። ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ትኩሳቱ ጋብ ሲልልኝ፣ መዞርም አቅቶኝ፣ ፊቴ ወደ ግድግዳው እንደሆነ ዓይኔን ገለጥኩ። አፍንጫዬ ሥር፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በጠራ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብት አባር ነበርኩ፣
ከላሟ ጋር ሮጬ ከእሷው ጋር ወደቅኩ።
ወፉ ሆዱን ከፍቶ ሰው ሲተፋ አየሁ፣
እኔም በሆዱ ውስጥ ልሄድ ተመኘሁ።

ከት ብዬ ሳቅኩ። ትኩሳቱ ያመጣብኝ መስሎኝ ግንባሬን ዳሰስኩ። ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። ከሥሩ ላሟ እንዴት ተናዳ እንዳባረረችው፣ ሱሪው የት ጋ እንደተቀደደ፣ የማረፊያው ዘበኛ ምን ብሎ እንደሰደበው ሁሉ በግጥም ተጽፏል። አንድ ልጅ የገዛ ልጅነቱን በስንኝ አስቀምጦታል፤ ያውም ጂንካን፣ እኔ በየቀኑ ጭቃዋን የምረግጣትን ጂንካን። እስከዚያ ቀን ድረስ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባ አገር ሌላ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቴ በጣም ደስ ካሰኙኝ ወራት አንዱ ነው፣ አልዋሽም። ከቢሮ እየሮጥኩ እገባለሁ። የክፍሉ መስኮት ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑ ሳይሸሽ ነው ማንበብ። ወረቀቶቹ ቅደም ተከተል የላቸውም፦ እዚህ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከጎኑ አሥራ አንድ፣ ከሥሩ ገና እየዳኸ። አንዳንዱ ተዘቅዝቆ ተለጥፏል። የተዘቀዘቀውን ለማንበብ አልጋ ላይ በተቃራኒ ተኝቼ ጭንቅላቴን ወደ ታች አንጠለጥላለሁ። አንገቴ ተጣሞ ቢሮ ስገባ የመዝገብ ቤቷ ሴት "ብርድ መቶሻል፣ ቅባት ይታሽልሽ" ብላ አዘነችልኝ።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነበር። ኤልያስ የጻፈው በቅጠሉ በሁለቱም ፊት ነው፤ የሚታየኝ ግን አንዱ ብቻ ነው። ጎረቤት ጓሮ ማር ሊሰርቅ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ንቡ ይነሳበታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ያልቃል። ወደቀ? ተነደፈ? ማሩን በላ? መልሱ ከጀርባው፣ ጭቃው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ሌላው ወረቀት ላይ ደግሞ ፊቱ አብጦ እናቱ ቅቤ እየቀባችው ይጀምራል፤ ከዚያ ገምታለሁ። ቀን ቀን መኪናዬን እየመታሁ የጎደሉትን በልቤ ስሞላ እውላለሁ።

ጦሱ ሥራዬ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ኃላፊያችን ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆሙ።

"ጓድ አስቴር፣ ይሄ የገበያ ሪፖርት ነው አይደል?"

"አዎ።"

"'ሙዝ በብዛት ገበያ ወረደ' ካለ በኋላ 'ከነሙሉ ቤቷ' የሚለው ምንድን ነው? የማን ቤት ነው?"

ሞቼ ተቀበርኩ። ሳላስበው ጣቴ የኤልያስን ስንኝ ጨምሮበት ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ በአዲስ መታሁት። አስተማሪዬ እውነቷን ነው፤ በሐሳብ በኩል የዞረ ፊደል ስህተት ያመጣል። ስንኙ ይኸው ነበር፦

ሙዙን በጀርባዋ፣ እኔን በደረቷ፣
ገበያ ወረደች ከነሙሉ ቤቷ።

ይህንኑ አንድ እሑድ ከሰዓት ጮክ ብዬ ሳነበው የኤልያስ እናት ከጸሎት ቤት ተመልሰው ደጃፌ ላይ ቆመው ኖሯል። የመሠረተ ትምህርት ክፍል ገብተው ነበር፤ የእርሻ ሥራ መጣና ተቋረጠ። የሚለዩት "ኤ"ን ብቻ ነው፣ የልጃቸው ስም የሚጀምርበት ስለሆነ።

"ይሄ ትምህርት ነው?" አሉኝ።

"ግጥም ነው፣ እማማ። ኤልያስ ስለ ልጅነቱ የጻፈው ነው።"

"ማን ነው ሙዝ የሚሸከም?"

"እርስዎ ነዎት።"

ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ አዲስ ሰው ቤታቸው የገባ ያህል። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና "በል፣ አንብብ" አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ የእሑድ ከሰዓት ንባባችን ተጀመረ። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፤ እሳቸው ጣቴን ያያሉ። ያልገባቸውን በቀላል አማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ወደ አሪ ገልብጠው ለራሳቸው ይደግሙታል። የላሟን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ "ሱሪ እኔ ሰፋሁ! ሁለት ቀን!" አሉ። የተቀቀለ ጎደሬ በቃሪያ ያመጣሉ፣ እየበላን እናነባለን። ውጭ ዝናቡ የሙዙን ቅጠል ይደበድባል። ያንን ጎደሬ የመሰለ ነገር ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም።

ለምን እንደለጠፉት የነገሩኝ ያኔ ነው። ኤልያስ ሲሄድ ግጥሙን የጻፈባቸውን ሁለት ደብተሮች በጨርቅ ጠቅልሎ "እማ፣ አደራ፣ አይጥ እንዳይበላው" ብሏቸዋል። ከአንድ ወር በኋላ ፈትተው ሲያዩ አይጥ የአንዱን ጠርዝ ጀምሮታል፣ ምስጥም ከሥር መጥቷል። ደነገጡ። አስተማሪዎች ቤት እየዞሩ ሙዝ ሲሸጡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ስንት ዓመት ሲቆይ አይተዋል። የእንሰት ቡላ አፍልተው ሙጫ ሠሩ፣ አይጥና ምስጥ እንዳይቀምሰው የግራዋ ጭማቂ ጨመሩበት። ደብተሮቹን ቅጠል በቅጠል ገነጠሉ።

"ሁለት ፊት አለ" አሉኝ፣ እጃቸውን እያገላበጡ። "አንዱ ንጹሕ ነው። አንዱ ብዙ ሰርዟል፣ ጥቁር ጥቁር። ንጹሑን ወደ ሰው አዞርኩ። ቆሻሻውን ወደ ግድግዳ።"

የልጃቸውን አደራ ለመጠበቅ ሦስት ቀን ለፍተዋል። እንግዳ ቢመጣ ልጄ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጽሕፈት ይጽፋል ብሎ እንዲያይ። ምን ልበላቸው? "ጥሩ አድርገዋል" አልኳቸው። እውነትም ጥሩ አድርገዋል፤ ባይለጥፉት አይጥ ይጨርሰው ነበር።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አንድ እሑድ ጎደሬውን አስቀምጠው ሳይቀመጡ ቆሙ።

"አስቴር። ካኮ አለ?"

"የቱ ካኮ?"

"ካኮ። ገበያው። ስለ እዚያ ወረቀት አለ?"

አለ። አይቼዋለሁ፣ ነገሩ ግን አልገባኝም ነበር። በበሩ መቃን አጠገብ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነው የተለጠፈው። ከማንበቤ በፊት አስቀመጡኝና ነገሩን ነገሩኝ። ባላቸው የሞቱበት ዓመት ነው። ጎደሬው በስብሶ ቤቱ ውስጥ የሚቀመስ ጠፋ። ካኮ አግብታ የምትኖር እህታቸው በቆሎ ስለነበራት የሰባት ዓመቱን ኤልያስን ወስደው እሷ ዘንድ ተዉት። በሁለተኛው ወር ልጁ አምልጦ፣ ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ሮጦ፣ ሲመሽ በዝናብ በራቸው ላይ ደረሰ።

"በር ከፈትኩ" አሉ። "እሱ ነው። 'ሂድ' አልኩ። 'እዚህ ምን ትበላለህ? ሂድ' አልኩ። ጠዋት ወሰድኩት። ሁለት ዓመት እዚያ ቆየ። ሲመጣ አልጠየቀኝም። እኔ አልነገርኩም። ምን አስቦ ነው? ወረቀቱ ያውቃል።"

ተንበርክኬ አነበብኩላቸው፦

ከካኮ አመለጥኩ፣ ቀኑን ሙሉ ሮጥኩ፣
ከዝናቡ ጋራ በራችን ላይ ደረስኩ።
እናቴ ከፈተች፣ ዝም ብላ አየችኝ፣
እርጥብ ልብሴን ዳስሳ እጆቼን ያዘችኝ።
አንድ ቃል ተናገረች በሩን ይዛ ቆማ፣

ወረቀቱ እዚህ ላይ አለቀ። ቤት የሚመታው ስንኝ ከጀርባው ነው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ያለው ወደ ግድግዳ ዞሯል፣ እማማ።"

የወረቀቱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ነኩት። የዞረው ፊት ምን እንደሚመስል ያስታውሳሉ፤ ከሁሉም ወረቀት የባሰ የተሰረዘው እሱ ነበር። "ጥቁር ነበር" አሉ። "ጽፎ ሰርዞ፣ ጽፎ ሰርዞ። እኔ ቆሻሻ ነው አልኩ።"

እኔ ሌላ ወረቀት ፈልጌ አመጣሁላቸው። አንድ ጥሩ ቦታ ነበረ፣ ሁልጊዜ የሚያስለቅሰኝ፦

ጎደሬ ስታድል "ላንተ፣ ላንተ" እያለች፣
የራሷን ረስታ ድስቱን ታጥባለች።

"አዩ? እንደማይበሉ ያውቅ ነበር። ገብቶታል" አልኳቸው።

"ይሄ በፊት ነው" አሉኝ። "እኔ የምጠይቀው ያን ቀን ነው።"

በሚቀጥለው ሳምንት ልንልጠው ሞከርን። ትልቁን ነገር ከመንካታችን በፊት እስቲ በሌላ እንየው አልኩና ከመስኮቱ ሥር ያለውን፣ ስለ ጠፋች ፍየል የሚያወራውን ወረቀት መረጥን። ፊቱን አስቀድሜ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ለብ ያለ ውኃ በጨርቅ አረጠብን፣ ምላጭ አመጣሁ፣ ከጥጉ ጀመርኩ። የኤልያስ እናት ሙጫ ግን የዋዛ አልነበረም። ወረቀቱ እንደ ገንፎ ተልፈሰፈሰ፣ ሰማያዊው ቀለም በግድግዳው ላይ ወረደ፣ ጣቴ ላይ የቀረው ብጥስጣሽና ጭቃ ነው። ከጀርባው አንዲት ፊደል እንኳ አልተረፈችም። ፍየሏም ጠፋች።

"በቃ" አሉ። ጨርቁን ከእጄ ወስደው ጨመቁት። "በቃ፣ አስቴር። የካኮን አትንካ።"

ያን ቀን ምንም ማድረግ እንደማልችል ገባኝ። መጻፍ እንጀራዬ ነው፤ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ማኅተም አስመታለሁ፣ ሰው ከእኔ ወረቀት ተቀብሎ አገር ያቋርጣል። ለእሳቸው ግን አንዲት ስንኝ ማምጣት አልቻልኩም። ወደ ኤልያስ በሠራዊቱ አድራሻ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ ያችን ስንኝ ላክልን ብዬ። መልስ የለም። አውሮፕላን ሲመጣ እሳቸው ሙዛቸውን ጥለው ወደ ሜዳው አጥር ይወርዳሉ፣ ፖስታው ሲወርድ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። እኔ በቢሮው መስኮት አያቸዋለሁ። የማደርገው ቢቸግረኝ ግድግዳውን በሙሉ፣ በየማታው አንድ ሁለት ወረቀት እያልኩ፣ በብዕር ወደ ደብተሬ ገለበጥኩት።

ቀጥሎ የሆነውን ነው ለልጄ ያልነገርኳት። ቢሮ ቁጭ ብዬ ስመታ ያቺ የተቆረጠች ስንኝ አልለቅ አለችኝ። "ቆማ" ብሎ ቆሟል፤ በ"ማ" የሚመታ መፈለግ አለበት። አንድ ቀን ሳልፈልጋት መጣችልኝ። ልክ ገባች። የኤልያስ ራሱ ድምፅ መሰለችኝ፤ ስንት ወር ስሰማው ኖሬ የለ? ይህችን ብነግራቸው ማን ይጎዳል አልኩ። ሦስት ቀን ተለማመድኳት፣ ሳነብ ድምፄ እንዳይሰበር።

እሑድ መጡ። ዝናቡ አባርቶ በሩ ተከፍቷል፣ ብርሃን አለ። በበሩ አጠገብ ተንበረከክኩ።

"እማማ፣ የካኮዋን ደግሜ ሳያት ከሥር የደበዘዘች አንዲት ስንኝ አለች። ያን ጊዜ አላየኋትም።"

አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጣቴን አስቀምጬ ከላይ ጀመርኩ። ከካኮ አመለጥኩ። በራችን ላይ ደረስኩ። እጆቼን ያዘችኝ። ድምፄ አልተሰበረም።

አንድ ቃል ተናገረች በሩን ይዛ ቆማ፣
እንባዋን አየሁት በዚያ በጨለማ።

እኔ ፊታቸውን ላለማየት ጣቴን እዚያው እንዳደረግኩ ቀረሁ። እሳቸው የእኔን እጅ በእጃቸው ሸፈኑት።

"ጣትህ ወርዷል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ወረቀት እዚህ አልቋል። ይሄ ጭቃ ነው።"

ዝቅ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ጣቴ ከወረቀቱ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ባዶው ጭቃ ላይ ተቀምጧል። ስንቱን እሑድ ጣቴን ሲከተሉ ከርመዋል፤ ፊደል አያውቁም እንጂ ስንኝ የት እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሐፍረቱ ከአንገቴ ጀምሮ አቃጠለኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ድገመው" አሉ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ—"

"አውቃለሁ። ድገመው።"

ደገምኩት። እሳቸው በአማርኛ ተከተሉኝ፣ ከዚያ በአሪ አሉት፤ በአሪ ሲሆን ስንኙ ቤት ባይመታም፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የበለጠ እውነት መሰለኝ። በሩ ላይ ተደግፈው ተነሱና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ኤልያስ ሲመጣ እጠይቃለሁ" አሉ። "እስከዚያ በዚህ እቆያለሁ።"

ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር አንብብ ብለውኝ አያውቁም። እሑድ እሑድ ጎደሬውን ማምጣት አልተዉም፤ ያችኑ ያስደግሙኛል፣ እኔም ያለ ጣት እደግማለሁ። በሁለተኛው ዓመት ወደ አርባ ምንጭ ተዛወርኩ። የጭነት መኪናው ድረስ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ በጀርባቸው አዝለው መጡ። ልትሰናበተኝ የመጣችው የመዝገብ ቤቷ ሴት "አሁን ያን አንገት የሚያጣምም ቤት ተገላገልሽው" አለች። ሙዙ መንገድ ላይ በስሎ ለተሳፋሪው ሁሉ ደረሰ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ከሰሜን የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ፈሰሰ። አርባ ምንጭ መናኸሪያ ላይ ስንት ቀን ቆሜ ወደ ጂንካ የሚሄዱትን አየሁ። ከቆምኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ እኔ ኤልያስን በመልክ አላውቀውም። ፎቶ አልነበረውም። የማውቀው የእጅ ጽሕፈቱን፣ ሱሪው የት ጋ እንደተቀደደና ማር ሲሰርቅ ፊቱ እንዳበጠ ነው። ያ ከሰው መሐል ሰው አያስለይም። ጂንካ የሚመላለስ ሹፌር እንዲጠይቅልኝ ለመንኩ። እናትየዋ ቤቱን ለቀው ካኮ እህታቸው ዘንድ ሄደዋል፣ ቤቱም ፈርሶ ሌላ ተሠርቷል አለኝ። ስለ ልጁ አንዱ መጥቷል ይላል፣ አንዱ የመጣው ሌላ ኤልያስ ነው ይላል። ካኮ ድረስ ሄጄ አልጠየቅኩም። ሥራ በዛብኝ፣ ልጅ ወለድኩ፣ መንገዱ ራቀ እያልኩ ምክንያት ደርድሬያለሁ፤ እውነቱ ግን መልሱን ፈርቼ ነው።

ትናንት ደብተሩን ከሣጥን አውጥቼ ለልጄ ሰጠኋት። ላሟ ላይ ስትደርስ እኔ እንደሳቅኩት ሳቀች። ካኮ ላይ ስትደርስ ገጹን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው።

"ሁሉም በብዕር ነው፣ እማዬ። ይህች አንዷ መስመር ለምን በእርሳስ ሆነች?"

"ባለቤቱ ሲመጣ እንዲያጠፋት ነው" አልኳት።

መስመሯ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘች ነው፤ አንዳንድ ፊደል ካልገመቱት አይነበብም። እንዳላደምቃት የእኔ አይደለችም፣ እንዳልተዋት ደግሞ እኚያ ሴት በእሷ ላይ ተደግፈው ቆይተዋል። ኤልያስ በሕይወት ካለ ስልሳን ተሻግሯል። ላጲሱ ደብተሩ ውስጥ ነው፣ እርሳሱም አብሮት አለ።